ነዳጅ “የምታሸት” መኪና ሐርላ ዳገት ላይ ስትመዘን

“አቦ፣ ይህቺ ነዳጅ አትጠጣም፤ ታሸታለች እንጂ!”

የድሬዳዋ መኪና ደላላ ትንሽ መኪና ሲያሻሽጥ ከሚደረድራቸው ቃላት ሁሉ የገዢን ልብ የሚያሸፍተው ይህ ነው። ገዢው በማደያ ሰልፍ የባከነው ሰዓትና ከኪሱ የወጣው ብር ትዝ ይለዋል። በሩን ከፈት ዘጋ ያደርጋል፤ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ ያደርጋል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ከዚራን አንድ ዙር ዞሮ ይመለሳል። ከዚያ የዋጋው ክርክር ይጀመራል። ከዚራ ግን ሜዳ ነው። መንገዱ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ፣ አስፋልቱም የተደላደለ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ መጥፎ መኪና የለም።

ለመሆኑ እጅግ ትንሽና ነዳጅ ቆጣቢ መኪና መግዛት ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ጥያቄው በከተማው ነጋዴ ዘንድ የሰሞኑ ወሬ ብቻ አይደለም። ለብዙዎች መኪና ከቤት ቀጥሎ በሕይወታቸው የሚገዙት ትልቁ ዕቃ ነው። በእሱ ላይ መሳሳት ማለት የሱቅን ካፒታል አራት ጎማ ላይ ጭኖ ወደ ገደል መልቀቅ ማለት ነው። ስለዚህ “ነዳጅ አትጠጣም” በሚለው ቃል ብቻ ከመደራደር በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። መኪናዋ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? የምትገዛው በማን ገንዘብ ነው? የምትወጣውስ የትኛውን ዳገት ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ለድሬዳዋ ሰው ቀልድ አይደለም። ከከተማው ወደ ደንገጎ በሚያወጣው መንገድ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ሐርላ የደረሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ትንሿ መኪና እንዴት ተወደደች?

ትንሽ መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለችም። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ ሆና የሠራችውን ፊያት 600፣ በሕዝቡ አጠራር “ሰይቼንቶ”ን፣ ያላወቀ የዚያ ዘመን ሰው የለም። ቮልስም ብትሆን የአስተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበረች። ይሁን እንጂ በቅርቡ ዘመን ትንሽ መኪናን በገበያው ላይ ያነገሣት የነዳጅ ቁጠባዋ ብቻ አልነበረም። ያነገሣት ቀረጡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 አውቶሞቢሎችን በሞተር ጉልበት ከፋፈላቸው። እስከ 1,300 ሲሲ ያሉት 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ ያሉት 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ 100 በመቶ እንዲከፍሉ ሆነ። ታክሱ በሌላ ታክስ ላይ እየተደራረበ ስለሚሰላ ልዩነቱ ሲጠቃለል ከወረቀቱ የሰፋ ሆነ። አስመጪውም ሒሳቡን ሠራ፤ ፊቱንም ወደ 1,000 እና 1,300 ሲሲ አዞረ። የቶዮታ ቪትዝ ስም ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ በየደላላው አፍ የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 መጣ። ይህ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ ያለችውን አዲስ መኪና ኤክሳይዝ ወደ 5 በመቶ ሲያወርድ፣ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለችውን ግን ከ400 በመቶ ባላነሰ ታክስ አስደነገጠ። ያገለገለ ቪትዝ ከውጭ የማስገባት ንግድ በአንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ቀድሞ ገብታ ሰሌዳ የለጠፈችው መኪና ደግሞ እርጅናዋ ቀርቶ ዋጋዋ መጨመር ጀመረ። አዲሷ ትንሽ መኪና፣ በተለይም ሱዙኪ፣ መንገዱን የሞላችውም ከዚህ ወዲህ ነው።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የነዳጁም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የታለመ ድጎማ በተጀመረበት በሰኔ መጨረሻ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሣንቲም ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሣንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

እንግዲህ ገዢው ዛሬ ለትንሿ መኪና የሚከፍለው ዋጋ ከምን እንደተሠራ ልብ ይበል። በውስጡ ቆርቆሮና ሞተር ብቻ አይደለም ያለው። የቀረጥ ታሪክ፣ የምንዛሪ ለውጥና የማስገባት ክልከላ ተደራርበውበታል። ቤንዚን ትቆጥባለች የሚለው ከእነዚህ ሁሉ በላይ የተቀመጠ ጌጥ ነው። ጌጡ ደግሞ ለብቻው ሊመዘን ይገባዋል።

ሒሳቡ በብር ሲሠራ

አንድ ነጋዴ ቤቱ ሳቢያን፣ ሥራው ሐርላ ይሁን። ደርሶ መልሱ 30 ኪሎ ሜትር ነው። በዓመት 300 ቀን ቢመላለስ 9,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በእጁ ያለችው መካከለኛ አሮጌ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ትፈጅ፤ ደላላው የሚያሳየው ትንሿ መኪና ደግሞ 6 ሊትር ትበቃት። ለሒሳቡ ምቾት ሊትሩ በ120 ብር ይታሰብ። አሮጌዋን ሸጦ ትንሿን ለመግዛት የሚጨምረው ደግሞ 500,000 ብር ይሁን። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ገዢ በየራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። የሒሳቡ መንገድ ግን አይለወጥም።

የ3 ሊትር ልዩነት በ120 ብር ሲባዛ 360 ብር ነው። ይህ የ100 ኪሎ ሜትር ቁጠባ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ሲካፈል 3 ብር ከ60 ሣንቲም ይወጣል። ገዢው በቃሉ ሊይዘው የሚገባው ቁጥር ይህ ነው። ትንሿ መኪና በሄደችበት እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 3 ብር ከ60 ትመልሳለች፤ ቆማ ግን ምንም አትመልስም።

የሐርላው ነጋዴ በ9,000 ኪሎ ሜትር 32,400 ብር በዓመት ይቆጥባል። ደስ ይላል። ነገር ግን የጨመረው 500,000 ብር በዚህ ቁጠባ ብቻ እንዲመለስ ቢጠብቅ ከ15 ዓመት በላይ መቀመጥ አለበት። ያን ያህል ዘመን መኪናዋ ትቆይ እንደሆነ እንጃ፤ ልጁ ግን አድጎ ራሱ መንጃ ፈቃድ ያወጣል።

ይህም ገንዘቡ የራሱ ከሆነ ነው። ከባንክ በ18 በመቶ ወለድ የተበደረው ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 90,000 ብር ነው። 32,400 ብር ለመቆጠብ 90,000 ብር መክፈል “ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ጅግራ ናት ይሏታል” እንደሚባለው ነው። ራስን እያታለሉ መሄድ እንጂ ቁጠባ አይደለም። ገንዘቡ ከሱቁ ካፒታል የተወሰደ ቢሆንም ያው ነው፤ ያ ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ ቢሸጥ የሚያመጣው ትርፍ እንደ ወለድ ሊቆጠር ይገባል። ታይዋን ገበያ የሚውል ነጋዴ 500,000 ብር በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ ማንም ሊያስተምረው አይችልም።

ታዲያ የሚያዋጣው ለማን ነው? 90,000 ብር ወለድ ለ3 ብር ከ60 ሲካፈል 25,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል። በ300 ቀን ሲከፈል በቀን 83 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ምሳሌ መሠረት በተበደረው ገንዘብ ትንሽ መኪና የሚገዛ ሰው በቀን ከ83 ኪሎ ሜትር በላይ የማይነዳ ከሆነ፣ ነዳጅ ቆጠብኩ እያለ ለባንክ እየሠራ ነው። በየቀኑ ድሬዳዋና ሐረር የሚመላለስ ሰው ደርሶ መልሱ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መስመሩን ያልፋል። እንደ ታክሲ ቀኑን ሙሉ የሚነዳም ያልፋል። በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በዓመት 129,600 ብር ስለሚቆጥብ፣ ገንዘቡ የራሱ ከሆነ የጨመረውን በ4 ዓመት ሳይሞላ ይመልሳል። ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ለሚነዳ ሰው ግን የሊትር ወሬ ሊያሳስበው አይገባም።

በዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ አለ። “አሮጌዋ መኪና እኮ በየወሩ ጋራዥ ናት!” የሚል ሰው እውነቱን ነው። አሮጌዋ በወር የ5,000 ብር ጥገና የምትጠይቅ ከሆነና አዲሷ ይህን የምታስቀር ከሆነ፣ በዓመት 60,000 ብር ይተርፋል። ከነዳጁ 32,400 ጋር ሲደመር 92,400 ብር ሆኖ ወለዱን ለጥቂት ያልፋል። ነገር ግን ልብ ይባል፤ እዚህ ላይ ያዋጣው የመኪናዋ ትንሽነት ሳይሆን ጤንነቷ ነው። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ለትንሽነት ሳይሆን ለጤንነት ይክፈል። ሞተሯ የተፈታ፣ ሻንሲዋ የተበየደ ትንሽ መኪና ከአንዲት ጤነኛ መካከለኛ መኪና የከፋች አክሳሪ ናት።

የሐርላ ዳገት ምን ይላል?

ሐርላ ዛሬ በመንገድ ዳር ያለች የገጠር መንደር ብትመስልም በዘመኗ የንግድ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኤክሴተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የተመራ ቡድን ባካሄደው ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ተገኝቷል። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችም ከአፈሩ ውስጥ ወጥተዋል። ያ ሁሉ ዕቃ ከባሕር ዳርቻ እዚህ የደረሰው ጭነትን ከእንስሳ ጉልበት ጋር መመዘን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው። ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ሲገዛ “ስንት ገብስ ይበላል?” ብሎ ብቻ አይገዛም። “ዳገቱን ስንት ጭኖ ይወጣል?” ብሎም ይጠይቃል። የዛሬው የመኪና ገዢ የመጀመሪያውን ጥያቄ ይዞ ሁለተኛውን ረስቷል።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሐርላ በኩል አልፎ፣ ደንገጎን ወጥቶ ሐረማያ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል። 800 ሜትር ያህል ወደ ላይ መውጣት ነው። ባዶ ክብደቷ 900 ኪሎ የሆነ ትንሽ መኪና አራት ሰውና ዕቃ፣ በድምሩ 350 ኪሎ ብትጭን 1,250 ኪሎ ትሆናለች። ይህን ክብደት 800 ሜትር ለማንሣት ብቻ፣ የመንገዱ ሰበቃና የነፋሱ ግፊት ሳይቆጠር፣ 1.2 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይቃጠላል። ባዶዋን 1,250 ኪሎ የምትመዝነው መካከለኛ መኪና በዚያው ጭነት 1.6 ሊትር ገደማ ትፈልጋለች። ዳገቱ ላይ የሁለቱ ልዩነት እንግዲህ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትልቅ ነው። የትንሿ መኪና በረከት የራሷ ክብደት ቀላል መሆኑ ነው። ጭነት በበዛ ቁጥር ግን በረከቱ ይቀንሳል፤ ዳገት የሰውና የኬሻ ክብደትን አይምርምና። ነጋዴው መካከለኛዋ መኪና በአንድ ጉዞ ታነሣ የነበረውን ዕቃ በትንሿ ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡ ጨርሶ ይገለበጣል። ለ30 ኪሎ ሜትር 1.8 ሊትር ይፈጅ የነበረው 3.6 ሊትር ይሆናል፤ መካከለኛዋ በአንድ ጉዞ የምትፈጀው 2.7 ሊትር ነው። ያኔ “የምታሸተው” መኪና ከ“ጠጪዋ” በላይ ጠጣች ማለት ነው።

ሌላም አለ። የነዳጅ ሞተር በአየር የሚሠራ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ወረቀቷ 67 የፈረስ ጉልበት የሚል ባለ 1,000 ሲሲ መኪና ሐረማያ ስትደርስ የሚቀራት 54 አካባቢ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ኤሲው ከተከፈተ ደግሞ ከዚያችው ላይ ይቀነሳል። ለትልቅ ሞተር ይህ አይሰማም። ለትንሽ ሞተር ግን ከፊት ያለውን የጫት አይሱዙ በመታጠፊያው ላይ ማለፍና አለማለፍን የሚወስን ነው። አሽከርካሪው ጉልበት ፍለጋ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ሲረግጠው ደግሞ የፋብሪካው የቁጠባ ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ቁልቁለቱም የራሱ ፈተና አለው። ከደንገጎ ወደ ሐርላ ሲወረድ በፍሬን ብቻ የሚነዳ ሰው ፍሬኑን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ ለትልቁም ለትንሹም ግዴታ ነው። አውቶማቲክ ትንሽ መኪና የሚገዛ ሰው ማርሹ ቁልቁለት ላይ ዝቅ ብሎ የመያዝ አቅም እንዳለውና የማርሽ ዘይቱ በጊዜው መቀየሩን ሳያረጋግጥ ብሩን አይቁጠር።

ርካሽ ሲሉት የሚወደድ

የትንሽ መኪና ነገር ሲነሣ ስለ ሰው ሕይወት አለመናገር ነውር ነው። ሕንድ ውስጥ ታታ ናኖ እ.ኤ.አ. በ2008 “በ100,000 ሩፒ መኪና” ተብላ በዓለም ዜና ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2014 በተካሄደ የግጭት ሙከራ ግን ለትላልቅ ሰዎች ጥበቃ አንድም ኮከብ ሳታገኝ ቀረች። ከአሥር ዓመት ያልበለጠ ዕድሜ አሳልፋም ከምርት ወጣች። ርካሽነቷ ገዢ አላመጣላትም፤ ደኻው እንኳ “የደኻ መኪና” መባልን ጠላ። 216 ሲሲ ሞተር ያላት ባለ አራት ጎማዋ ባጃጅ ኪዩትም እ.ኤ.አ. በ2016 በአውሮፓ ተሞክራ ከአምስት ያገኘችው አንድ ኮከብ ነው። ሱዙኪ ኤስ-ፕሬሶም እ.ኤ.አ. በ2020 ለሕንድ ገበያ የተሠራችው ሞዴል ስትሞከር ኮከብ አላገኘችም፤ ለደቡብ አፍሪካ የተሠራችው ግን ኋላ ላይ ስትሞከር የተሻለ ውጤት አመጣች። በአንድ ስም የሚጠራ መኪና እንኳ እንደተሠራበት ገበያ ይለያያል ማለት ነው። ገዢው የአየር ከረጢቱን ቁጥር፣ የፍሬኑን ዓይነትና የተሠራበትን አገር ይጠይቅ።

በከተማው ውስጥ፣ በባጃጅ መካከል፣ በ30 እና በ40 ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ይህ ያን ያህል ላያስፈራ ይችላል። የጭነት መኪና በሚመላለስበት የደንገጎ መታጠፊያ ላይ ልጆቹን ጭኖ ለሚወጣ ግን የቀጭን ቆርቆሮ ዋጋ በሊትር አይሰላም።

ሌላው በርካሽ ስም የሚመጣ ወጪ መለዋወጫ ነው። ሐረር ለዚህ ጥሩ አስተማሪ ናት። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1960 መሠራት የጀመረችው ፔጆ 404 ሐረር ላይ ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆና የሠራችው ነዳጅ ስለምትቆጥብ አይደለም፤ አትቆጥብምም። የቆየችው የሠፈሩ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚፈታት ነው። ትንሽ መኪና የሚገዛ የድሬዳዋ ሰው ከመግዛቱ በፊት ለመኪናዋ የፊት መብራት፣ የፍሬን ሸራና የራዲያተር ዋጋ ይጠይቅ። የሚያገኘው መልስ “ከአዲስ አበባ ይታዘዛል” ከሆነ፣ አንድ ሳምንት ቆማ የምታሳጣውን ገቢ በመኪናዋ ዋጋ ላይ ይደምር።

ኤሌክትሪኳስ?

ዛሬ ትንሽ መኪና ሲባል በቤንዚን የምትሠራዋ ብቻ አይደለችም። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው በሚገቡት ላይ 15 በመቶ፣ በከፊል በተገጣጠሙት ላይ 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ መወሰኑ ገበያውን ለውጦታል። የቀረጥ ነገር ስለሚለዋወጥ ገዢው በሚገዛበት ቀን ያለውን ታሪፍ መጠየቅ አለበት።

በኪሎ ሜትር ሒሳብ ኤሌክትሪኳን የሚያህል የለም። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ብትፈጅና አንዱ 10 ብር ቢደርስ እንኳ ወጪው 150 ብር ነው። ትንሿ የቤንዚን መኪና 720፣ መካከለኛዋ 1,080 ብር ትፈጃለች። በሐርላው ነጋዴ 9,000 ኪሎ ሜትር ኤሌክትሪኳ ከመካከለኛዋ አንፃር በዓመት 83,700 ብር ታስቀራለች። ቤንዚን ቆጣቢዋ ካስቀረችው 32,400 ጋር ሲተያይ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

ዳገቱም ያን ያህል አያስፈራትም፤ ከፍታ ጉልበቷን አይቀንሰውም። 30 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያላት ትንሽ መኪና 800 ሜትሩን ለመውጣት ብቻ 4 ያህሉን ትጨርሳለች፤ ስትወርድ ግን ከፊሉን መልሳ ወደ ባትሪዋ ታስገባለች። የቤንዚን መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ታንከሯ ሲሞላ ያየ የለም።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ድሬዳዋ ደግሞ ሙቀት በብድር የምትወስድ ከተማ አይደለችም። መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሞ መዋል ባትሪ መብላት ነው። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ቻርጅ ያላደረገ ሰው ጠዋት ባጃጅ ይጠራል። ወደ አዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚነዳ ሰው መንገድ ላይ የት እንደሚሞላ አስቀድሞ ሳያውቅ መነሣት ሞኝነት ነው። ከሁሉም በላይ፣ ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው የባትሪዋ አቅም ስንት እንደቀረ በመሣሪያ ሳያስለካ መግዛት የለበትም። ባትሪው የመኪናዋ ግማሽ ዋጋ ነው ቢባል የተጋነነ አይሆንም።

“መኪና እኮ ባንክ ነው”

ደላላው ሁሉም ክርክር ሲያልቅበት የሚመዝዘው የመጨረሻ ካርታ አለው። “ነዳጁን ተወው፤ መኪና እኮ ባንክ ነው፤ ዓመት ነድተኸው በበለጠ ትሸጠዋለህ” ይላል። ይህ ለብዙ ዓመታት እውነት ነበር። ብር እየቀለለ፣ ቀረጥ እየከበደ በሄደበት ጊዜ ቪትዝ ገዝቶ የተቀመጠ ሰው ቆጣቢ ከሚባለው በላይ አትርፏል።

ይሁን እንጂ ትናንት ያተረፈ ነገር ነገም ያተርፋል ብሎ ማሰብ የንግድ ሰው አስተሳሰብ አይደለም። የቤንዚን መኪና መግባት መከልከሉ ያለችውን ብርቅ አድርጓታል፤ ይህ ዋጋን ወደ ላይ ይጎትታል። በኪሎ ሜትር ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ያነሰ ወጪ የምትጠይቅ ኤሌክትሪክ መኪና በየወሩ መግባቷ ደግሞ ወደ ታች ይጎትታል። ሁለቱ ገመድ እየተጓተቱ ባለበት ሰዓት ግማሽ ሚሊዮን ብር በብድር ጨምሮ መሐል መግባት ቁማር ነው። የፖሊሲ ለውጥ በአንድ ሌሊት ያወጣውን ዋጋ በአንድ ሌሊት ሊያወርደው ይችላል። ቤንዚን ቆጣቢ መኪና ቤንዚን ጨርሶ በማያስፈልጋት መኪና ፊት “ቆጣቢ” የሚለውን ስሟን ይዛ ትቆያለች ወይ የሚለውን ገዢ ሁሉ ያስብበት።

ስለዚህ ፍርዱ እንዲህ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚገዛ፣ በቀን ብዙ ኪሎ ሜትር የሚነዳ፣ ከሁለት ሦስት ሰው በላይ የማይጭን ሰው ትንሿን መኪና ይግዛ፤ ታዋጣዋለች። ቤቱ ቻርጅ ማድረጊያ ያለውና ከድሬዳዋ ሐረር የማይርቅ ሰው ደግሞ ኤሌክትሪኳን ቀድሞ ይመልከት። ተበድሮ፣ ለሐርላና ለከተማ ጉዞ ብቻ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ጤነኛ መኪናውን የሚሸጥ ሰው ግን ይቅርበት። ያችኑ መኪና ሞተሯን አሳይቶ፣ የጎማ ነፋሷን አስተካክሎ፣ ጉዞውን አቀናጅቶ ቢነዳት የተሻለ ይቆጥባል።

ለመግዛት የቆረጠም ቢሆን ሊብሬውንና ሻንሲ ቁጥሩን ያመሳክር፤ ዕዳና ዕገዳ እንደሌለባት ያጣራ። ከዚያም ደላላውን፣ መካኒኩንና ሁለት ጎረቤቶቹን አሳፍሮ፣ በቀትር፣ ኤሲውን ከፍቶ ወደ ሐርላ ይውጣ። የሙቀት መለኪያዋ ካልተነሣ፣ ማርሿ ካልተንገራገጨ፣ ስትወርድም ፍሬኗ ካልሸተተ፣ ተመልሶ ስለ ዋጋ ይነጋገር። ደላላው “ታሸታለች” ያለው ነዳጁን እንጂ ፍሬኑን አልነበረምና።